የድሮ የጦር መኪና ከመፍታታችሁ በፊት

ድሬም ሆነ ሐረር አሮጌ የጦር መኪና ማደስ የሚወድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ጋ አባቱ የተዉለት ዊሊስ ጂፕ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ሌላው ጨረታ አሸንፎ ዋዝ አስጎትቶ መጥቷል። ሌላው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ኡራል የጭነት መኪና ገዝቶ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶታል። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ እኔ ከዚህ የበለጠ የምወደው ሥራ የለኝም። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ቀለሙ የሚመክራችሁ ባለሙያ ድሬ ውስጥ ሳቢያንም መጋላም ሰፈር ሞልቷል። ሳይነሳ የሚታለፈው ሰው እንዳይጎዳ ምን ይደረግ የሚለው ነው። የምጽፈው ስለሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ያዙልኝ። መኪናው ሃያ ዓመት ቆሟል ማለት በውስጡ ያለው ኃይል አልቋል ማለት አይደለም። ጎማው ውስጥ አየር አለ። ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ትነት አለ። ሞላው ተወጥሯል። የፍሬኑ ታምቡር ውስጥ ብናኝ ተቀምጧል። አንዳንዱ ላይማ ጥይትም አለ። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ጋ ቆም ብላችሁ "እዚህ ውስጥ ምን ተቀምጧል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳታውቁ ብሎን አትፍቱ።

መኪናው የማን ሥራ ነው?

በእኛ አካባቢ የሚገኙት በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። ከ1969 እና 70ው የኦጋዴን ጦርነት በፊት የገቡት አብዛኞቹ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ ሶቪየት ሠራሽ፤ ዋዝ፣ ጋዝ 66፣ ዚል 131፣ ኡራል 375። ይኼ የታሪክ ትምህርት አይደለም፣ ለሥራው ያስፈልጋችኋል። ለምሳሌ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው፤ ከሱ በኋላ የመጡት የአሜሪካ ወታደራዊ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ እነ ዋዝና እነ ዚል 12 ቮልት ናቸው። ሳያዩ ከሌላ መኪና ባትሪ ማቀጣጠል ሽቦ ያነዳል፣ ባትሪም ሊያፈነዳ ይችላል።

ሌላው ነዳጁ ነው። ከባድ መኪና ሲባል ሁላችንም ናፍጣ ነው የምናስበው። ኡራል 375 ግን ቤንዚን ነው። ሰባት ሊትር ገደማ የሆነ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው ያለው። ዚል 131ም ቤንዚን ነው፤ ጋዝ 66ም ቤንዚን ነው። የናፍጣ መኪና አጠገብ ሲበይድ የኖረ በያጅ ኡራል ሲያይ ያንኑ ልማዱን ይዞ ይመጣል። አስቀድማችሁ ንገሩት። ታንኩ ላይም በትልቁ "ቤንዚን" ብላችሁ ጻፉበት።

ወረቀቱን ሳታዩ አትግዙ። ከየት እንደወጣ፣ ማን እንደሸጠው የሚያሳይ ሰነድ ይኑረው። መኪናው ላይ የመሣሪያ ክፍል ቢገኝ ነገሩ በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚታይ ጣጣ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ አይፈታም።

መጀመሪያ መፈተሽ፣ ኋላ መጥረግ

ይኼን ክፍል ዝለሉ እንዳትሉ። ሐረርጌ ጦርነት ያየ አገር ነው። ድሬ ራሷ በነሐሴ 1969 ውጊያ ተደርጎባታል። ከዚያ ዘመን የቀረ መኪና፣ በተለይ ብረት ለበስ ከሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም ሊምልላችሁ አይችልም። ከወንበር ሥር፣ ከወለሉ ቆርቆሮ በታች፣ በዕቃ ሳጥኑ ውስጥ፣ ዓመታት በነፋስ ገብቶ በተጠራቀመው አሸዋ መሃል ጥይት ሊኖር ይችላል። የእጅ ቦንብም ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ አካፋ ይዛችሁ አሸዋውን አትዛቁ። ውሃ በጎማ ቱቦ እየለቀቃችሁም አታጥቡ። ጥሩ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ሳትነኩ እዩ። እጃችሁን ወደማታዩት ቦታ አትስደዱ፤ ለጥይቱ ብቻ አይደለም፣ በቆላው በኩል የቆመ መኪና ውስጥ እባብና ጊንጥ መኖሩ የተለመደ ነው። ወለሉን ስትጠርጉ በእጅ መጥረጊያ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ፣ እያያችሁ ጥረጉ።

ጥይት የሚመስል ነገር ካያችሁ፣ ቅርጹን የማታውቁት ዝገት የበላው ሲሊንደር ነገር ካያችሁ፣ በቃ፣ ሥራው እዚያ ጋ ይቆማል። አታንሱት። ፎቶ ለማንሳትም አትጠጉት። በገባችሁበት መንገድ ውጡ፣ ሕፃናትን አርቁ፣ ሰው እንዳይገባ አንድ ሰው ርቆ ይቁም፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ተናገሩ። እነሱ የሚመለከተውን ባለሙያ ያመጣሉ። "ስንት ዓመት ዝናብና ፀሐይ የበላው ነው፣ ሞቷል" የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ዕድሜ ፈንጂን አያረጋጋም፤ አንዳንዱን እንዲያውም ይበልጥ ስስ ያደርገዋል። ባዶ የሚመስል ቀለሃም መቀስቀሻው ያልተመታ ሊሆን ይችላል፤ ለጌጥ ብላችሁ ቤት አትውሰዱ።

መኪናው ገና ሜዳ ላይ ከሆነማ ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። በጅጅጋ በኩል ወይም በሌላ የጦር ሜዳ በነበረ ቦታ የቆመ ውድቅዳቂ ካያችሁ ዕቃ ልፍታ ብላችሁ ከአስፋልት አትውረዱ። ፈንጂው ከመኪናው ውስጥ ሳይሆን ዙሪያው ሊሆን ይችላል።

ጎማ

እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይኼን ነው።

የድሮ ከባድ መኪና ቸርኬ እንደ ዛሬው የቤት መኪና አንድ ወጥ አይደለም። ጎማው እንዲገባ አንዱ ጠርዝ ተለይቶ ይወጣል። ያንን ጠርዝ የሚይዘው አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ቸርኬው ላይ ባለች ጠባብ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ እዚያ ተጣብቆ እንዲቆይ የሚያደርገው የአየሩ ግፊት ራሱ ነው። አሁን ወደ ቆመ መኪና ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቦይዋን ዝገት ሞልቷታል። ቀለበቱ ከአንድ ወገን ተበልቶ ሳስቷል። ሁለቱ ጫፎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዱ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ይኼ ማለት ቀለበቱ ግማሹ ቦዩ ውስጥ፣ ግማሹ ዝገቱ ላይ ነው የተቀመጠው። አየር ስትሞሉት፣ ወይም በመዶሻ ስትነኩት፣ ቀለበቱ ይወረወራል። በ100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ የከባድ መኪና ጎማ ጎን ላይ የሚገፋው ኃይል ከ10 ቶን በላይ ነው። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው አይተርፍም።

አፈታቱ እንዲህ ነው። መኪናው ላይ እያለ፣ አንድም ዳዶ ሳትነኩ፣ መጀመሪያ አየሩን አስወጡ። የቫልቩን ክዳን ከፍቶ መጫን አይበቃም፤ ውስጥ ያለችውን ትንሿን መርፌ ፈትታችሁ አውጧት። ፉጨቱ ሲያቆም አልቋል ብላችሁ አትመኑ። ቫልቩ በዝገትና በጭቃ ሊደፈን ይችላል፣ አየሩ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ቀዳዳው ክፍት መሆኑን እዩ። ጎማው ሁለት ሁለት ሆኖ የተገጠመ ከሆነ የሁለቱንም አስወጡ። ከዚያ በኋላ ነው ዳዶ የሚፈታው።

ዊሊስ ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። የጦር ጊዜው ዊሊስ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በ8 ብሎን የተያያዘ ነው። ቸርኬውን ከመኪናው ጋር የሚይዙት 5 ዳዶዎች ሌላ ናቸው። ልዩነቱን ሳያውቅ ጎማ ላወልቅ ብሎ ስምንቱን የሚፈታ ሰው አየር የሞላ ነገር ነው ለሁለት የሚከፍለው። እኔ ስምንቱን ብሎኖች በቀይ ቀለም እቀባቸዋለሁ፤ ግቢ ውስጥ ያለ ሁሉ ቀዩ እንደማይነካ ያውቃል።

ሲገጠም ቦዩንም ቀለበቱንም በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ አጽዱ። የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ፣ የሳሳ ቀለበት ይጣላል። አይበየድም፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቀረጽም አይሆንም። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከገባ ጀምሮ እጃቸው ወርቅ የሆነ የብረት ባለሙያዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ ብዙ ነገር ይሠሩላችኋል። ይኼን ግን እንዲሠሩላችሁ አትጠይቋቸው። ቀለበቱ በፋብሪካ በልኩ የተሠራ ብረት ነው፤ የአንዱን ቸርኬ ቀለበት ለሌላው ማድረግ ራሱ አይቻልም፣ ቢመሳሰሉም።

አየር የሚሞላው በብረት ፍርግርግ ቤት ውስጥ ነው። ለከባድ መኪና የሚሠሩ ጎሚስታዎች ጋ ይኼ ቤት ካለ እዚያ ውሰዱ፤ ከሌለ ከወፍራም ብረት አሠሩ። የአየር ቱቦው ረጅም ይሁን፣ አፉም ቫልቩ ላይ ራሱ ነክሶ የሚይዝ ይሁን፣ እናንተ በእጅ ይዛችሁ እንዳትቆሙ። መጀመሪያ 5 ፒኤስአይ ያህል ብቻ ስጡት፣ ዝጉት፣ ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን እዩ። ካልተቀመጠ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡና እንደገና ጀምሩ። አየር ያለበት ቀለበት በመዶሻ "ነካ ነካ" አይደረግም። ጎሚስታው "አቦ ችግር የለውም፣ ስንቱን ሠርቻለሁ" ሊላችሁ ይችላል። የሚላችሁ እውነቱን ነው፣ ሠርቷል። እናንተ ግን ጎማውን ጫኑና ሌላ ጎሚስታ ጋ ሂዱ።

ደግሞ ጎማ ያለበት ቸርኬ አይበየድም። አየሩ ቢወጣም አይበየድም። ላስቲኩ ሲሞቅ ጋዝ ያመነጫል፣ ያ ጋዝ ይፈነዳል።

ነዳጅ ታንክና ብየዳ

ባዶ የቤንዚን ታንክ ከሙሉው ይብሳል። የሚፈነዳው ፈሳሹ አይደለም፣ ከአየር ጋር የተደባለቀው ትነት ነው። ጥቂት ጠብታ ቤንዚን የቀረበት ትልቅ ታንክ ለዚህ የተመቸ ነው። አሥር ዓመት የደረቀ ታንክም አይታመንም፤ ከታች የተጋገረው ዝቃጭ ሲሞቅ እንደገና ይተናል። ሽታ የለውም ማለት ትነት የለውም ማለት አይደለም።

ታንኩ ከተበሳ የኔ ምክር አትበይዱት ነው። ሌላ ታንክ ፈልጉ፣ ወይም አዲስ አሠሩ። የግድ የሚበየድ ከሆነ ከመኪናው ወርዶ፣ በፈላ ውሃና በሳሙና ተደጋግሞ ታጥቦ፣ ከዚያ የሚበየደው ቦታ ወደ ላይ ሆኖ እስከዚያው ጥግ ድረስ ውሃ ተሞልቶ፣ ይኼን ሥራ በሚያውቅ በያጅ ብቻ ይሠራ። የሌላ መኪና ጭስ በቱቦ እያስገቡ መበየድ የሚባል ዘዴ አለ። አትመኑት።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ታንክ ጉድጓድ ላይ አይፈታም፤ ጉድጓድ ውስጥ በኤሌክትሪክ መብራት ወርዶ ቤንዚን ማፍሰስም አይታሰብም። እጅ በቤንዚን መታጠብም ይቅር። በተለይ ከአሮጌ ታንክ የወጣ ቤንዚን እርሳስ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ያ በቆዳ ይገባል።

የእሳት ማጥፊያ ግዙ። ዱቄት የሚረጨውን፣ መርፌው አረንጓዴው ላይ ያለውን። ከጎኑ ሁለት ባልዲ አሸዋ አኑሩ፤ የደቻቱን ወንዝ አጠገባችን ይዘን አሸዋ ጠፋ አይባልም። መኪናው ላይ ተሰቅሎ የምታገኙትን የነሐስ ፓምፕ ያለው ጥንታዊ ማጥፊያ ግን አትጠቀሙበት። በውስጡ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ራሱ መርዝ ነው፣ እሳት ላይ ሲረጭ ደግሞ የባሰ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጠቢያ ስፕሬይም እንዲሁ ነው፤ የተነፋበት ብረት ሳይደርቅ ብየዳ አይቅረበው።

ብናኙ

ይኼኛው ዛሬ አይገድላችሁም። ለዚህ ነው ሰው የሚንቀው።

የፍሬን ታምቡር ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ታምቡሩ ሲላቀቅ ግራጫ ብናኝ እንደ ዱቄት ይወርዳል፣ ጫማ ላይ ያርፋል። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የማርሚታ (የጭስ ማውጫው) መጠቅለያ፣ አንዳንዱ ጓርኒሲዮንም (በብረቶች መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ከአስቤስቶስ ነበር የሚሠራው። አስቤስቶስ በዓይን የማይታይ ጭረት ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይሰካል፣ አይወጣም። በሽታው የሚታየው ከ20 ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ የሳንባ ጠባሳ፣ ካንሰር። ዛሬ ታምቡር የሚያጸዳው የ18 ዓመት ረዳታችሁ የሚታመመው ልጆች ካሳደገ በኋላ ነው ማለት ነው።

ድሬ ውስጥ የለመድነው በኮምፕሬሰር መንፋት ነው። ተዉት። በደረቅ ብሩሽም አይጠረግም። ርጭት ያለው ጠርሙስ ውስጥ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አድርጉ። ታምቡሩ ትንሽ ሲከፈት በክፍተቱ ረጩ፣ ሙሉ ሲወጣ እንደገና ረጩ፣ ጭቃ ይሁን። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ከነሸራው ድርብ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጣሉ። ሸራ በግራይንደር አይሳልም። አፍን በነጠላ፣ በሻሽ፣ በሐኪም ቤት ማስክ መሸፈን ለአስቤስቶስ ምንም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ፒ100 ወይም ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው ማስክ ነው። ጢም ካላችሁ አይገጥምም፣ በጎን ያስገባል፤ ተላጩ ወይም ሥራውን ለሌላ ስጡ።

ቀለሙም እንደዚሁ ነው። የድሮ ወታደራዊ ቀለምና ከሥሩ ያለው ቀዩ የዝገት መከላከያ እርሳስ ያለበት ነው ብላችሁ አስቡ። በደረቁ በግራይንደር መፋቅ ግቢውን በሙሉ በእርሳስ ብናኝ መሸፈን ነው፤ በችቦ ማቃጠል ደግሞ ጢሱን መዋጥ ነው። በብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሳችሁ ፋቁ፣ ወይም ቀለም ማንሻ ተጠቀሙ። የሚበየድ ቦታ ካለ ዙሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀለሙን አስቀድማችሁ አንሱ። ብዙዎቻችን ቤታችን ግቢ ውስጥ ነው የምንሠራው፤ እዚያው ልጆች ይጫወታሉ፣ እዚያው ልብስ ይሰጣል። ትንሽ እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። መሬቱን ሸራ አንጥፉበት፣ ማታ ሸራውን ጠቅልላችሁ አንሱ፣ የሥራ ልብሳችሁን ከቤተሰብ ልብስ ጋር አታሳጥቡ፣ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት ታጠቡ።

እግረ መንገዴን፣ ከብየዳና ከቀለም ሥራ በኋላ ወተት የምትጠጡ ብዙ ናችሁ። ወተት ጥሩ ነው፣ ጠጡ። ሳንባ ግን አያጥብም። ወተቱ ማስኩን አይተካም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ጌጆችም ነገር አላቸው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1930ዎቹ እስከ 60ዎቹ የተሠሩ ብዙ ወታደራዊ ጌጆች ማታ እንዲያበሩ በራዲየም ቀለም ተቀብተዋል። አሁን አያበሩም፤ ያረጀው የሚያበራው ቅመም እንጂ ራዲየሙ አይደለም፤ የሱ ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው። መስታወቱ እስካለ ድረስ ብዙም አያሳስብም። አትክፈቱት፣ መርፌውን አትፋቁ፣ ቁጥሮቹን እንደገና ልቀባ አትበሉ። የተሰበረ ካለ ሳትነፉበት በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አሽጉና ለብቻው አስቀምጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ክብደቱ

ዊሊስ ከ1 ቶን ትንሽ ነው የሚበልጠው። ዋዝ 1,650 ኪሎ ገደማ ነው። ጋዝ 66 ወደ 3 ቶን ተኩል፣ ኡራል 375 ወደ 8 ቶን። የቤት መኪና ክሪክ ለዚህ አይሆንም። የሚችል ክሪክ ብታገኙም ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። አንስታችሁ ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) ላይ አስቀምጡ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ፣ ከዚያ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ሳይነቃነቅ ሲቆም ብቻ ሥሩ ግቡ።

ብሎኬት ደግሞ የለም። ብሎኬት በየደጁ ስላለ ነው የምንጠቀመው። ግድግዳ ሲሆን እኩል ተከፋፍሎ ይሸከማል፣ የአክስል ሹል ብረት ሲያርፍበት ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ወፍራም ጣውላ ተነባብሮ ይሻላል። መሬቱም ይታይ፤ አሸዋማ ግቢ ላይ የካቫሌቶው እግር ይሰምጣል፣ ከሥሩ ወፍራም ላሜራ አድርጉ። ባሌስትራ (በቅጠል በቅጠል የተነባበረውን ሞላ) ስትፈቱ ደግሞ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ከላዩ መውረዱን አረጋግጡ። ቅጠሎቹን የሚያስረው መሃል ብሎን ሲፈታ ቅጠሎቹ ይዘረጋሉ፤ በሞርሳ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አላሉ።

ባትሪና መጀመሪያው ማስነሳት

ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘው ገመድ)፣ ሲገጠም መጨረሻ ማሳው። የሚሞላ ባትሪ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ አጠገቡ ሲጋራ የለም፣ ብየዳ የለም። አሲድ ዓይን ከገባ ወዲያው ቢያንስ 20 ደቂቃ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው ላይ አትተማመኑ። ሁለት ሙሉ ጀሪካን ሁልጊዜ ባትሪው አጠገብ ይኑር፣ ለሌላ ሥራ የማይነካ።

ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ሰው ሁሉ ኮፈኑ ላይ ይደፋል። አርቋቸው። አንድ ሰው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም፣ አንዱ ቁልፉ ጋ ይሁን። ካርቡራቶር ላይ በጠርሙስ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሳት ይቅር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተፋ ጠርሙሱ እጅ ላይ ይነዳል። በማኖቬላ (ሞተሩን በእጅ በሚያዞረው ብረት) የምታስነሱ ከሆነ አውራ ጣታችሁን ዙሪያውን አታጥፉት፤ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ወደ ላይ ሳቡ እንጂ ወደ ታች አትጫኑ። ሞተሩ ከመታ የእጅ አንጓ ይሰብራል። የናፍጣ ሞተር ራሱን ችሎ ፍጥነት እየጨመረ አልጠፋ ካለ የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ብረት ወይም በወፍራም ጣውላ ድፈኑ፤ በእጅ እንዳትሞክሩ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ ሞተር ማሠራት ደግሞ ሰው ሳያውቀው የሚወስድ ጭስ ነው፤ መኪናውን ወደ ውጭ ግፉት።

ሰዓቱን ምረጡ

ይኼ የድሬ ጉዳይ ነው፤ ሐረር ያላችሁ አየሩ ይሻላችኋል። በድሬ ግንቦትና ሰኔ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ማስክ፣ ጓንት፣ መነጽርና ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚሠራ ሰው የለም። አንድ በአንድ እያወለቀ ይሄዳል። ስለዚህ ማስክ የሚፈልገውን ሥራ፣ የፍሬን ሸራውንና ቀለሙን፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጨርሱት። ቤንዚን የሚነካም ሥራ ጠዋት ይሁን፤ ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይበዛል። ቀትር ላይ ዕረፉ፣ ውሃ ጠጡ።

ከበርጫ በኋላ ሰው ጉልበት ያገኘ ይመስለዋል፤ "ዛሬውኑ እንጨርሰው" ይባላል፣ በአንድ አምፖል ሌሊት ድረስ ይገፋል። አቦ ተዉ። ያን ሰዓት ዕቃ ለመለየት፣ ለመጻፍ፣ ነገ የሚሠራውን ለማውራት አድርጉት። ክሪክ፣ ግራይንደርና ብየዳ ለነገ ጠዋት ይቆዩ። ብቻችሁንም አትሥሩ፤ መኪና ሥር የገባ ሰው ካለ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ይኑር። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አሳድሱ፤ ዝገት ሳይጭረው ይኼን ሥራ የጨረሰ ሰው አላውቅም።

ወደ መንገድ

ብዙዎቹ የዚያ ዘመን መኪኖች የፍሬን ዘይታቸው በአንድ መስመር ነው የሚሄደው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። ላስቲክ ቱቦዎቹ ከላይ ጤነኛ ቢመስሉም ሁሉንም ቀይሩ። ቆሞ ሳለ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ፤ ቀስ እያለ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ አትውጡ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሜዳ ላይ ይሁን። ድሬ ያላችሁ ወደ ሽንሌ በኩል ያለው ለጥ ያለ መንገድ አለላችሁ። ሐረር ያላችሁ ወደ ሐረማያ ሜዳ ሞክሩት። ደንገጎን የመጀመሪያ ቀን አታስቡት። የሐረር ሰው ሠርቶ ጨርሶ ድሬ ላሳያቸው ብሎ ቁልቁለቱን ይያያዘዋል፤ ያ ሁሉ መታጠፊያ ያለበት ረጅም ቁልቁለት አዲስ የታሰረ የታምቡር ፍሬን ያግላል፣ ሲግል ደግሞ አይይዝም። መኪናው ሜዳ ላይ ደጋግሞ ከተፈተነ በኋላ ስትወርዱ ከላይ ጀምራችሁ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን ረግጦ መያዝ ሳይሆን ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ መሃል ላይ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቆማችሁ አቀዝቅዙ። ስትቆሙ ታምቡሮቹ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉባቸው። አንዱ ቺስ ካለ ሌሎቹ ዝም ካሉ ያኛው ፍሬን እየያዘ ነው። የጎማ ዳዶዎቹን ደግሞ ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ቀለም ከተቀባ ቸርኬ ላይ ቀለሙ ሲጨመቅ ይላላሉ።